ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የትኛው መኪና ዋጋ ይይዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና ለመግዛት ወይም ለመሸጥ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የእያንዳንዱን መኪና የዛሬ ዋጋ አልጻፍኩም። ዛሬ ብጽፈው ለወር አይቆይም። የጻፍኩት ዋጋው በምን እንደሚወጣና በምን እንደሚወርድ ነው፤ በተለይ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣ እየወረደ ለሚኖር ሰው።

እኛ አገር መኪና እያደር ዋጋው ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው?

በብር ከቆጠራችሁት፣ አዎ። ውጭ አገር አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የዋጋውን አንድ አምስተኛ ግድም ያጣል። አምስት ዓመት ሲሞላው ግማሹ ሄዷል። እኛ ጋ ግን መኪናውን አምስት ስድስት ዓመት ነድቶት፣ ጭሮት፣ ጎማውን ጨርሶት፣ በእጥፍ የሸጠ ሰው ሞልቷል።

ይሄ ከመኪናው ጥንካሬ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ታክሱ መጣ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ከዚያ በፊት የገቡት ሁሉ ባንዴ ተወደዱ፤ በእነሱ ዋጋ የሚተካቸው ሌላ ሊገባ አይችልማ። ቀጥሎ ምንዛሪው። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለክል መኪናም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በመሃል፣ በጥር 2016፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም የሚለው ውሳኔ ተሰማ።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። እንበልና በ2010፣ ዶላር 27 ብር ግድም በነበረበት ጊዜ፣ መኪና በ500,000 ብር ገዛችሁ። ያኔ 18,500 ዶላር ገደማ ነው። በ2017 መጨረሻ፣ ዶላር 135 ብር አካባቢ ሲሆን፣ በ1,500,000 ብር ሸጣችሁት። ሦስት እጥፍ! ግን በዶላር ስትመነዝሩት 11,000 ቢሆን ነው። ከአርባ በመቶ ያላነሰ ወርዷል ማለት ነው።

ይህን ስል መኪና አትግዙ ማለቴ አይደለም። ያንኑ ብር ባንክ አስቀምጦ ከጠበቀው ሰው መኪና የገዛው ተሽሎታል። ችግሩ የሚመጣው «መኪናዬ አተረፈችልኝ» ብሎ ሸጦ፣ በዚያው ብር የተሻለ ልግዛ ሲል ነው። የተሻለው ቀርቶ የራሱን ዓይነት መልሶ መግዛት ያቅተዋል። ስለዚህ «ዋጋ ያዘ» የምንለው ሸጣችሁት በዚያው ገንዘብ እሱኑ የሚመስል ማግኘት ስትችሉ ነው። ከዚህ በታች ሁሉ የማወራው በዚህ መለኪያ ነው።

እሺ፣ እዚህ ከተማ ዋጋ የሚይዘው የትኛው ነው?

ብዙ ሰው የሚፈልገው፣ መካኒኩ ሳያመነታ የሚፈታው፣ ዕቃው እዚሁ የሚገኘው። ይህን ስትሉ ቶዮታ አላችሁ ማለት ነው። ከትንንሾቹ ቪትዝና ያሪስ፣ ከቤት መኪና ኮሮላ፣ ከፒካፕ ሃይሉክስ፣ ከከባዶቹ ላንድክሩዘር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሱዙኪ ዲዛየርም ተጨምሯል፤ አዲስ አበባ ላይ በራይድ የሚሠሩ ሰዎች ስለወደዱት ዕቃውም ገዢውም በዝቷል።

ሃይሉክስ ወሎ ላይ የተለየ ቦታ አለው። ከደሴ ወደ ተንታ፣ ወደ ደላንታ፣ ወደ ወረኢሉ የሚሄድ ሰው አውቶሞቢል ይዞ አይሄድም። ሥራ ተቋራጩም፣ ነጋዴውም፣ የእርዳታ ድርጅቱም የሚፈልገው እሱን ነው። ስለዚህ ያረጀ ሃይሉክስ እንኳ ገዢ አያጣም። የኋላ ባሌስትራው (ክብደት የሚሸከመው ሞላ) ተቀይሮ ይሁን፣ የጭነት ሳጥኑ ታጥፎ ይሁን፣ ይሸጣል።

አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ልትገዙት ያሰባችሁትን መኪና ስም ይዛችሁ መለዋወጫ ሱቅ ግቡ። የፊት ፍሬን ሸራና የውሃ ፓምፕ ጠይቁ። ባለ ሱቁ ዞር ብሎ ከመደርደሪያ ካወረደላችሁ መኪናው ዋጋ ይይዛል። «ነገ ከአዲስ አበባ ይመጣል» ካለ ትንሽ ቀንሱ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ካለ፣ በሁለት እግራችሁ ውጡ። መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ ዕቃ የማይመጣበት ጊዜ እንዳለ የደሴ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የሚቆመው መኪና የትኛው እንደሆነ ሁሉም አይቷል፤ ሲገዛም ያንን አይረሳም።

ቪትዝ ሐረጎን ይችላል?

ይወጣል። እንዴት እንደሚወጣ ነው ጥያቄው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። ስለዚህ የአንድ ሊትሩ ቪትዝ፣ ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ግድም ያለው፣ ደሴ ሲደርስ የሚቀረው ከ55 አይበልጥም። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጫኑበትና ሐረጎ ላይ ከኋላ የሲኖትራክ ሰልፍ ይዞ ሲያቃስት ታገኙታላችሁ።

ሜዳ ከተማ ለሚኖር ሰው አንድ ሊትሩ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጥሩ ነው። ደሴ ለሚኖር ግን 1.3ቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ሲገዛ ትንሽ ይወደዳል፤ ሲሸጥም ያንኑ ልዩነት ይመልሳል። የአንድ ሊትሩ ሞተር ደግሞ ዘወትር እስከ አናቱ እየተረገጠ ስለሚሠራ ቶሎ ዘይት መብላት ይጀምራል።

መኪና ስትፈትሹ ሐረጎን ተጠቀሙበት። እንዲህ ያለ የሙከራ ቦታ አዲስ አበቤ አያገኝም። ሽቅብ ስትወጡ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ከወትሮው ቦታ ከፍ ካለ ራዲያተሩ ወይም ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ችግር አለበት። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይት እያቃጠለ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ረገጥ አድርጉ። መሪው እጃችሁ ላይ ከተንቀጠቀጠ የፍሬን ዲስኩ ተጣሟል፤ ባለቤቱ ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ ሲወርድ ኖሯል ማለት ነው። እንዲህ የነዳ ሰው ለፍሪሲዮኑና ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) አላዘነላቸውም።

ኪሎሜትሩ ይታመናል?

አይታመንም። ቁጥሩን መመለስ ቀላል ሥራ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ መኪናውን አንብቡ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ከታየ፣ የመሪው ቆዳ ልሙጥ ሆኖ ካበራ፣ የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ተጨፍልቆ ከሰመጠ፣ ኮንታኪሎሜትሩ 60,000 ቢል አትስሙት። የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። የደህንነት ቀበቶውን እስከ ሥሩ ብትስቡት ብዙ መኪና ላይ የተሠራበት ጊዜ የተጻፈበት ጨርቅ ይወጣል። የ2007 ስሪት ነው ተብላችሁ ቀበቶው 2004 ካለ፣ ወይ ቀበቶው ከሌላ መኪና የመጣ ነው ወይ ሻጩ ቀልደኛ ነው።

ቀለም የተቀባ መኪና ስንት ይቀንሳል?

ለምን እንደተቀባ ይወሰናል። ባጃጅ በሩን ጭሮት የተቀባና ተገልብጦ የተሠራ አንድ አይደሉም። ሻጩ ግን ለሁለቱም «ትንሽ ጭረት ነበረች» ነው የሚላችሁ።

ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከመኪናው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላችሁ በጎን ተመልከቱ። ላሜራው ላይ የምታዩት ጥላ ቀጥ ብሎ ካልሄደ፣ ውሃ ላይ እንዳለ ከታጠፈ፣ ከሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለ። በጣት ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ላሜራ ይጮሃል፤ ስቱኮ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ላሜራ ላይ ተጣብቃ ወፍራም ስቱኮ ላይ የማትይዝ ትንሽ ማግኔት ይዞ የሚዞር ሰው አውቃለሁ፤ ይሰድቡታል፣ ግን ተሸውዶ አያውቅም። ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና የፓራፋንጎውን (ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ብሎኖች እዩ። ቁልፍ የነካው ብሎን ቀለሙ ጫፉ ላይ ተልጧል። የመስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ ከተለየ ያ ተሰብሮ ተቀይሯል።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪናም አለ። ጃፓን ውስጥ መሪ በቀኝ ስለሆነ እኛ ጋ ለመነዳት ይቀየራል። ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱት። የሚጠርገው ለቀኝ ሹፌር በሚመች አቅጣጫ ከሆነና ከሹፌሩ ፊት ጥግ ላይ ሰፊ ቦታ ሳይጠርግ ከተወ፣ መሪው ዞሯል። ሥራው ጥሩ ከሆነ ይነዳል። ሲሸጥ ግን ከፋብሪካው ግራ ሆኖ ከወጣው ጋር እኩል አይጠራም።

ዲኤክስ እንዴት እስካሁን ይሸጣል?

ከዚህ በታች የሚወርድበት ቦታ ስለሌለው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራ ኮሮላ ማጣት ያለበትን ከብዙ ዓመት በፊት አጥቶ ጨርሷል። የቀረው ዋጋ መንገድ ላይ የመሄዱ ዋጋ ነው። ማንኛውም ጋራዥ ይፈታዋል፣ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ዕቃው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞልቷል።

ወጪው ግን በሌላ በኩል ይመጣል። ካርቡሬተሩ ቤንዚን ይጠጣል። በጥር 2017 ቤንዚን በሊትር 100 ብር ካለፈ ወዲህ ዲኤክስ ይዞ በየቀኑ ኮምቦልቻ መመላለስ የሚያዋጣው ሰው ጥቂት ነው። ለሳምንት አንድ ቀን፣ ለገበያና ለለቅሶ፣ ጥሩ መኪና ናት።

የአውሮፓ መኪና በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

ርካሽ የሆነበትን ምክንያት እናንተም ስትሸጡት ታገኙታላችሁ። መርሴዲስና ቢኤምደብሊው በራሳቸው አገርም ዋጋ ቶሎ የሚጥሉ ናቸው። እዚህ ደግሞ ዕቃውም፣ ኮምፒውተሩን የሚያነብ ባለሙያም አዲስ አበባ ነው። ወዳችሁት ከሆነ ግዙት፤ ለመሸጥ ብላችሁ ግን አትግዙት። እዚህ ተገጣጥመው የተሸጡት ሊፋንን የመሰሉ የቻይና ቤንዚን መኪኖችም ብዙም አይለዩም። ሲገዙ ደስ ይላሉ፣ ሲሸጡ ገዢው ከቶዮታ ጋር እያወዳደረ ያሳቅቃችኋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዴት እሸጠዋለሁ?

እውነቱን ልናገር፤ ዋጋ በፍጥነት የሚያጡት እነሱ ናቸው። እዚህ ብቻ አይደለም፣ በዓለምም እንዲሁ ነው። ያገለገለው ዋጋ በአዲሱ ዋጋ ይወሰናል። ቻይና ውስጥ በየዓመቱ የበለጠ የሚሄድና የረከሰ እየወጣ ነው። ባለፈው ዓመት በብዙ ብር የገዛችሁት ዘንድሮ ከሾውሩም ከሚወጣው ጋር ይወዳደራል። ቪትዝ ይህ ችግር የለበትም፤ ጃፓን ራሷ ቪትዝ በሚለው ስም መሥራት በ2020 በፈረንጆቹ አቁማለች።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። የመኪናው ትልቁ ወጪ እሱ ሆኖ ሳለ ገዢው በዓይኑ አያየውም። ያላየውን ነገር ሰው በፍርሃት ይገምታል። ባትሪ በአማካይ በዓመት 2 በመቶ ያህል አቅሙን ቢያጣ ነው፤ የደሴ ብርድ የሆነ አየር ደግሞ ከበረሃ ሙቀት ይሻለዋል። ስለዚህ ስትሸጡ የባትሪውን ጤና በመመርመሪያ መሣሪያ አስነብባችሁ ወረቀቱን ያዙ። ስትገዙም ይህን ጠይቁ። ዋስትና አለው ከተባላችሁ ማን እንደሚያከብረው ጠይቁ። አምራቾች ለባትሪ ብዙ ጊዜ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ይሰጣሉ፤ ግን ለቻይና ገበያ የተሠራውን አንድ ነጋዴ በራሱ ካስገባው፣ ዋስትናው ቻይና ነው የቀረው። የስክሪኑ ጽሑፍ ሁሉ በቻይንኛ የሆነ መኪና ሲሸጥ ተጨማሪ ድርድር አለበት።

ሦስተኛው ፖሊሲ ነው። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5 በመቶ ሆነ፣ ተበታትኖ ለሚመጣው ነፃ። ይህ ነው አዲሱን ያረከሰው፣ ያገለገለውንም ወደ ታች የጎተተው። አንድ ቀን ታክሱ ቢጨመር በ2012 የሆነው ይደገማል፤ ቀድሞ የገባው ይወደዳል። መንግሥት ምን እንደሚያደርግ እየገመቱ መኪና መግዛት ግን ቁማር ነው።

አሁን ወደ ጥሩ ጎኑ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት፣ ለከፍታው ብቻ፣ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ቤታችሁ ቻርጅ ካደረጋችሁ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ፍሬን ሸራው አይነካም ማለት ይቻላል። ማደያ ሰልፍ ላይ የሚቀረው ጊዜስ?

አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃንና ጣርማ በር ያን ያህል ከፍታ እያላቸው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ እንደገና መውጣት እያለ፣ ካታሎጉ 400 የሚለው መኪና አንድ ጊዜ ሞልቶ አይደርስም። ብዙ ገዢ የሚያመነታው እዚህ ጋ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በየቀኑ ኮምቦልቻ ለሥራ የምትመላለሱና መኪናውን ሰባት ስምንት ዓመት የምትይዙት ከሆነ፣ ግዙት፤ መኪናው ከዋጋው ያጣውን ከነዳጅ በምትቆጥቡት ትመልሳላችሁ። በሁለት ዓመት ሸጬ ሌላ እገዛለሁ ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ። ከገዛችሁም ወኪል ያለውንና ብዙ ሰው የያዘውን፤ መንገድ ላይ የማታዩትን ስም አትሞክሩ።

የነዳጅ መኪና መግባት ስለቆመ ዋጋው እየጨመረ ይቀጥላል?

ትንንሾቹ ይጸናሉ ብዬ አምናለሁ። አዲስ አይጨመርባቸውም፣ ፈላጊያቸው ግን አልቀነሰም። ከባድ የቤንዚን ሞተር ያላቸው ትልልቆቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሦስትና አራት ሊትር ቤንዚን ሞተር ያለው መኪና በዚህ የነዳጅ ዋጋ የሚነዳው ሰው እየሳሳ ነው። ናፍጣዎቹ ይሻላሉ።

የሥራ መኪናስ? ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ?

የእነዚህ ዋጋ የሚወሰነው በቀን በሚያስገቡት ገንዘብ ነው። ስምሪቱ ጥሩ ከሆነ የተደበደበ ሚኒባስ ይወደዳል፤ ሥራ ከቀዘቀዘ አዲሱም ይቆማል። ስለዚህ ገዢው የሚጠይቀው መጀመሪያ መስመሩን ነው፤ ኮምቦልቻ-ደሴ ነው፣ ሐይቅ ነው፣ ባቲ ነው?

ሲኖትራክ ኮምቦልቻ ላይ ልዩ ገበያ አለው። ከተማዋ ፋብሪካዎቹንና ደረቅ ወደቡን ይዛ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ መውጫ ላይ ተቀምጣለች። ግን ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ምስክሩ ሻንሲው (መኪናውን የተሸከመው ዋና ብረት) ላይ ነው። ከሥር ተኝታችሁ ብየዳ ፈልጉ። የተበየደ ሻንሲ ካያችሁ ዋጋውን ሳይሆን መኪናውን ተዉት። ባጃጅም እንዲሁ ነው፤ በአዳር ሹፌር እየተቀያየረ ሃያ አራት ሰዓት የሠራች ባጃጅ በሁለት ዓመት አርጅታለች። ባለቤቱ ራሱ የነዳት ትለያለች።

ማኑዋል ይሻላል ወይስ ኦቶማቲክ?

ለሽያጭ ከሆነ ትንንሾቹ ላይ ሁለቱም ይሄዳሉ። ፒካፕና የሥራ መኪና ላይ ማኑዋል። ካምቢዮው የተበላሸ ኦቶማቲክ ግን ለማንም አይሸጥም።

ቀለሙስ?

ነጭ፣ ብርማ፣ ግራጫ። ቢጫ መኪና የወደደ ገዢ አንድ ነው፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው።

ወረቀቱ ዋጋ ላይ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ከቀለምም ከሞተርም በላይ። ሞተር ይሠራል። ወረቀት ከተበላሸ ብዙ ጊዜ አይጠገንም።

መጀመሪያ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን እዩ። ካልሆነ «በውክልና ነው የያዝኩት» ይላችኋል። ውክልና ሕጋዊ ነው፣ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ የተላለፈ ውክልና አስፈሪ ነው። ወካዩ ሞቶ ከተገኘ ውክልናው ይቀራል፤ እናንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትተዋወቃላችሁ። ስም ማዞሪያ ላለመክፈል ብሎ በውክልና የገዛ ሰው ያተረፈውን ሲሸጥ በእጥፍ ይከፍለዋል፤ ገዢው ይቀንስበታላ።

ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነና መኪናው የጋራ ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ሚስት ሳታውቅ የተሸጠ የጋራ መኪና ሽያጩ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ቀጥሎ ዕዳና እገዳ። መኪናው ባንክ በዋስትና ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቁት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ነው። ፋይሉ አዲስ አበባ ከሆነ ሰው ልካችሁ አስጠይቁ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ራሳችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ፎቶ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ። በ2014ቱ ጦርነት መኪናቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ያሉበት አካባቢ ስለሆንን እዚህ ይህን መዝለል አይቻልም።

ቀረጥ ነፃ የገባ መኪናም አለ። ከውጭ የተመለሰ ሰው ወይም ኢንቨስተር ያስገባው ይሆናል። ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ አይዞርም። በተጠየቃችሁት ዋጋ ላይ የቀረጡን ግምት ደምሩና ከዚያ ወስኑ። እንዲህ ያለ መኪና «በጣም ወርዶ ተገኘ» ተብሎ ነው የሚቀርበው።

ስለዚህ ሁለት ቪትዝ ቢቀርቡላችሁ፣ አንዱ በሩ የተጨረፈ ግን ባለቤቱ አንድ፣ ሊብሬው ንጹሕ፣ ሌላው ፅድት ያለ ግን በውክልና፣ የመጀመሪያውን ውሰዱ።

ከአዲስ አበባ ልግዛ ወይስ እዚሁ?

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ወረድ ይላል። ግን የመንገዱን ወጪ፣ የፋይል ማዛወሩን፣ ይዞ የሚመጣውን ሹፌርና የመንገዱን ሁኔታ ደምሩበት። እዚህ ስትገዙ ሌላ ጥቅም አለ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። ፒያሳና ሸዋ በር አካባቢ ሁለት ጋራዥ ብትጠይቁ መኪናውን ማን ሲነዳው እንደነበር፣ መቼ እንደተጋጨ ይነግሯችኋል።

ለደላላ ስንት ይከፈላል?

ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ይባላል። ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ ማን እንደሚከፍልም ጭምር። ዋጋ በሚወጣበት ሰሞን ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ደላላ ለማን እንደሚያደላ መገመት አያቅትም።

ከመሸጤ በፊት ላሳድሰው?

ጥቃቅኑን ብቻ። መብራት፣ ፍሬቻ፣ የተሰነጠቀ ፓራብሬዛ፣ የሚጮህ ፍሬን። ሙሉ ቀለም አታስቀቡ። ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ የሚያስበው «ምን ሸፍኖ ነው?» ብቻ ነው። የድሮ ቀለም ከነጭረቱ የበለጠ ይታመናል። ሞተሩንም በእንፋሎት አታሳጥቡ፤ ልምድ ያለው ገዢ የሚያብረቀርቅ ሞተር ሲያይ ዘይቱ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ታጥቦ እንደሄደ ይገባዋል።

መቼ ልሽጥ?

ቦሎው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አትሽጡ። አሳድሱና አቅርቡ፤ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና ጋር መደራደር ይቀላል። ሁለተኛው ቁልፍ ከጠፋ አስቀርጹ። የጋራዥ ደረሰኞቻችሁን፣ ዘይት የቀየራችሁበትን ጭምር፣ በአንድ ፖስታ አስቀምጡ፤ ጥቂት ሰው ነው ይህን የሚያደርገው፣ ዋጋ ላይ ግን ይታያል። ክፍያው በሲፒኦ ከሆነ የጻፈው ባንክ ራሱ እስኪያረጋግጥላችሁ፣ በዝውውር ከሆነም ገንዘቡ ሒሳባችሁ ላይ እስኪታይ ድረስ ውሉን አትፈርሙ፣ ቁልፉንም አትስጡ።